ጅማ ስልክ የምትገዙ ሰዎች፣ «ፕሮቴክተር ልለጥፍልሽ» ሲሏችሁ ስልኩን ከእጃችሁ እንዳታወጡ

ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከሱቁ ተስቆብኝ ከወጣሁ ሶስት ሰዓት አልሞላኝም። ትናንት ረቡዕ 82 ሺህ ብር ከፍዬ ፎርጅድ ስልክ ታቅፌ ቤቴ ገባሁ፣ ዛሬ ልመልስ ስሄድ ደግሞ ከኛ አልገዛሽም ተባልኩ። 82 ሺህ ብር! የእቁብ ብር ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም፣ ግን እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው አይነታቸውን ያውቀዋል። ደጃፉ ላይ ስፒከር ይጮሃል፣ ውስጥ ነጭ መብራት ቦግ ብሎ መስታወቱ ሁሉ ያብለጨልጫል፣ ሁለት ሶስት ልጆች «ግቢ እህቴ፣ ፓክድ አለ፣ ስላሽ አለ፣ የዱባይ አለ» ይላሉ (ፓክድ ያልተከፈተ አዲስ፣ ስላሽ ያገለገለ ማለት ነው)፣ ዋጋ ስትጠይቁ ካልኩሌተር ላይ ጽፈው ያዞሩላችኋል፣ ትንሽ ስትከራከሩ «እናቴ ትሙት ትርፍ የለውም» ይመጣል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ እኮ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያደግኩት።

እኔ ቡና ቆልቼ ፈጭቼ እያሸግኩ በቴሌግራም የምሸጥ ሰው ነኝ፣ አዲስ አበባም እልካለሁ። ደንበኛ ቡናውን ማሽተት ስለማይችል በፎቶ ነው የሚገዛኝ፣ ስለዚህ ካሜራ ለኔ ስራዬ ነው። የነበረኝ ሳምሰንግ ኤ51 ስክሪኑ ከጠርዝ ጀምሮ ጥቁር እየሆነ መጣ፣ እሁድ እቁቡ ሲደርሰኝ ደግሞ ጊዜም አልፈጀሁም፣ ኤስ23 አልትራ ነው የምገዛው አልኩ። የወንድሜ ሚስት «ቴክኖ ወይ ኢንፊኒክስ አዲሱን ፓክድ በግማሽ ዋጋ አትገዢም?» ስትለኝ ተቆጣኋት። ሳምሰንግ ካልሆነ ስልክ አይመስለኝም ነበር፣ እውነቴን ነው። በ2005 ጋላክሲ ፖኬት ይዤ ነው የጀመርኩት፣ ትንሿን፣ ከዛ ጄ7፣ ከዛ ኤ51፣ አንድም ቀን ሌላ ስም አልያዝኩም። በፈረንጆቹ 2016 ኖት 7 ባትሪው እየተቃጠለ ኩባንያው ከዓለም ገበያ ሲሰበስበው እንኳን «ሰበሰቡት አይደል፣ ሌላው ቢሆን ዝም ይል ነበር» እያልኩ ሰው ፊት የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ያንን ሁሉ ዓመት የታመንኩበት ስም ነው የበሉኝ።

ሱቁ ስገባ ልጁ መጀመሪያ ያየው በእጄ የያዝኩትን ኤ51 ነው። «የሳምሰንግ ሰው ነሽ አንቺ፣ ያስታውቃል» አለኝ። ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው እዛ ጋ ነው የለካኝ።

ስልኩን አወጣልኝ፣ ስላሽ ነው ግን ንጹህ ነው አለ። ያወጣልኝ ስልክ ኦርጅናል ነበር፣ በዚህ እስከዛሬም ጥርጥር የለኝም። አብሮት ያለውን ብዕር መዝዤ ስክሪኑ ሳይከፈት ጥቁሩ ላይ ስሜን ጻፍኩበት፣ ጻፈ። ደጅ ወጥቼ ማዶ የቆመ ባጃጅ ዙም አድርጌ ታርጋው ፏ ብሎ እስኪነበብ አነሳሁት። *#06# ደውዬ የወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፣ 15ቱም ገጠመ። ከኋላ ሳገላብጠው ከታችኛው ካሜራ ጠርዝ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ጭረት አየሁ፣ በሷ ተከራክሬ ከ88 ሺህ ወደ 82 ሺህ አወረድኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር እኮ። ብሩን ላኩ። የተላከው በሱቁ ስም ሳይሆን በአንድ ሰው ስም በተከፈተ አካውንት ነው፣ እሱንም አይቼ ዝም አልኩ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሳመላልሰው ነው ያደርኩት። ብሩ ገባ ሲባል ልጁ ፈታ አለ፣ ድምፁ ራሱ ተቀየረ። «ይሄ ስክሪን ጠርዙ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ተራ ፕሮቴክተር አይዝለትም፣ ዩቪ በነፃ ልለጥፍልሽ» አለና እጁን ዘረጋ። እኔም ሰጠሁት። በገዛ እጄ፣ «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብዬ። ይዞት ከመስታወቱ ጀርባ ካለችው ጠረጴዛ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ሰማያዊዋ መብራት ስትበራ አየሁ፣ ሙጫው ሸተተኝ። በዚህ መሃል ሌላኛው ልጅ ፓድ አምጥቶ «እህቴ ስምሽን ሙሉ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ለዋስትናው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፣ ስሜን፣ ስልክ ቁጥሬን፣ ቀበሌዬን። ቀና ስል ስልኩ ወፍራም ጥቁር ከቨር ለብሶ፣ ጠፍቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ለምን ጠፋ አላልኩም። ልጁ ስክሪኑን በጨርቅ ወልወል አድርጎ «ሙጫው እስኪደርቅ እስከ ነገ ጠዋት አትክፈቺው፣ ከቨሩንም እንዳታወልቂው፣ አየር ይገባበታል» አለኝ። እሺ አልኩ። ልክ ለህፃን እንደሚነገረው ነግሮኝ እሺ አልኩ። ደረሰኝ ስለው ማሽኑ ኔትወርክ የለውም አለ፣ በእጅ «ሳምሰንግ ስልክ 1» ተብሎ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አላስችል አለኝና ከፈትኩት። ሲከፈት ሳምሰንግ የሚለው ጽሁፍ ወጣ፣ ሁሉ ነገር ይመስላል፣ ሴቲንግ ውስጥ 256 ጊጋ ይላል፣ 12 ጊጋ ራም ይላል። ለእናቴ ዙሙን ላሳያት ብዬ ያቺን የባጃጅ ፎቶ ጋለሪ ውስጥ ፈለግኳት። የለችም። ጋለሪው ባዶ ነው። መጀመሪያ ልጁ አጥፍቶት ይሆናል አልኩ፣ ከዛ ሆዴ ባር ባር አለኝና ከቨሩን አወለቅኩት። ጭረቷ የለችም። ስድስት ሺህ ብር ያስቀነሰችልኝ ጭረት የለችም። መብራት ስር ወስጄ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ሙልጭ ያለ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ብዕሩን መዘዝኩ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አይጽፍም፣ ፕላስቲክ እንጨት በሉት። ካሜራ ከፍቼ ከኋላ ያሉትን መስታወቶች አንድ በአንድ በጣቴ ሸፈንኩ፣ አንዷን ስሸፍን ብቻ ነው ስክሪኑ የሚጨልመው፣ ሌሎቹን ብትሸፍኗቸውም ዙም ብታደርጉም ምንም ለውጥ የለም፣ ለመልክ የተለጠፉ ናቸው። እናቴ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። መናገር አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ሐሙስ አይደል፣ ከተማው በገበያተኛ ተጥለቅልቋል፣ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ሱቁ ደረስኩ። ያው ልጅ ነው ያለው። ያንን ሁሉ ሳሳየው አይኑን በጨው አጥቦ «ይሄን ከኛ ለመግዛትሽ ማስረጃሽ ምንድነው?» አለኝ። ወረቀቱን ሳወጣ «እዚህ ላይ የትኛው ስልክ እንደሆነ አይልም፣ ቀይረሽው መጥተሽ ቢሆንስ?» እኔ! እኔን ነው የሚለኝ። ማናጀር የተባለው ሰውዬ ወንበር ላይ ተደላድሎ ቡናውን ይጠጣል፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ስጮህ ልጁ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሁፍ በጣቱ እያሳየኝ «ሳምሰንግ ሳምሰንግ ስትይ አልነበር? ይኸው ሳምሰንግ ይላል፣ አንብቢው» አለኝ። ሳቁ። ሊገዛ የቆመ አንድ ሰውም ሳቀ።

ከሁሉ የባሰው ግን ገና ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያቺን ስልክ አየኋት። ጭረቷ ከታችኛው ካሜራ ጠርዝ ላይ፣ እዛችው ቦታ። «ይቺ ናት ስልኬ፣ ጋለሪዋን ክፈት ያነሳሁት ባጃጅ አለ» አልኩት። እያየኝ ምን አለኝ? «ልትገዢያት ነው? 88 ሺህ ናት።»

እዛ ጋ ጉልበቴ ከዳኝ። ሰድቤያቸው እንኳን መውጣት አልቻልኩም፣ ዝም ብዬ ወጣሁ፣ እሱ ራሱ ያናድደኛል።

ስልክ የሚጠግን የሰፈራችን ልጅ ጋ ወሰድኩት። ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አሳየኝ፣ ሜሞሪው 16 ጊጋ ነው፣ ራሙ 2። 256 እና 12 የሚለው ሴቲንጉ ላይ እንዲታይ ብቻ የተጻፈ ቁጥር ነው። *#06# ስደውልበት የሚያወጣው ቁጥርም ከካርቶኑ ጋር አይገጥምም፣ ትናንት ሱቅ ውስጥ ሳለሁ የገጠመው ከሌላው ስልክ ጋር ነው። ካርቶኑስ አልኩት፣ ካርቶን ምን አለው፣ ስቲከር ፕሪንት ይደረጋል አለ። ከዛ *#0*# ደውዪበት አለኝ፣ ኦርጅናል ሳምሰንግ ላይ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ የሚሉ ሳጥኖች ይከፈታሉ፣ ስክሪንና ካሜራ የሚፈተሽበት ነው። ዝም። በጠቆረው ኤ51ዬ ስሞክረው ወዲያው ተከፈተ። እንባዬ መጣ፣ ለስልኩ ብዬ አይደለም። የዚህ ሁሉ ዓመት የሳምሰንግ ሰው ነኝ እያልኩ ሳምሰንግን ከሌላው የሚለይ አንድ ቁጥር እንኳን አላውቅም ነበር። የማውቀው ስሙን ነው። ልጁ ደግሞ ይሄንን አይቶብኛል፣ ቴክኖ የያዘ ሰው ቢገባ ኖሮ ሁለቴ ሶስቴ ያገላብጠው ነበር፣ እኔ ግን ስሙን ካየሁ አላገላብጥም፣ ካገላበጥኩ በኋላም እጄን ዘርግቼ እሰጣለሁ።

ህግ የጨረሰ የአክስቴ ልጅ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ አስቀይሪ ወይ ብርሽን አስመልሺ ይላል አለኝ፣ ነገ ንግድ ቢሮም ፖሊስም አብረን እንሄዳለን። ግን እሱም መጀመሪያ የጠየቀኝ ደረሰኝ ነው፣ ወረቀቷን ሳሳየው ዝም አለ። ብሩ የተላከበት የአካውንት ስም አለኝ፣ እሱን ይዘን እንሞክራለን።

እናንተ ግን እባካችሁ፣ ፕሮቴክተሩን ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አስለጥፉ፣ ወይ አይናችሁ ስር ይለጥፉት። ከሱቁ ሳትወጡ ከቨሩን አውልቁና *#06# እንደገና ደውሉ፣ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ አንጽፍም ካሉ ጥላችሁ ውጡ። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ሞክሩት። ክፈቺው አትክፈቺው የሚላችሁን አትስሙ።

ቡናው ተቆልቶ ተቀምጧል፣ ፎቶ የማነሳበት የለኝም። እቁቡ የ20 ሰው ነው፣ በስድስተኛው ነው የደረሰኝ፣ ገና 14 ሳምንት እከፍላለሁ። እሁድ 4 ሺህ ብር ይዤ መሄድ አለብኝ፣ ሴቶቹ ደግሞ ስልኩን አሳዪን ይሉኛል።