ለአልቤርጎ ኢታሊያው ጋሼ፣ የዘገየ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ በ2011 ነው። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ሰሞኑን እናቴ የጸሎት መጽሐፏን ስትገልጥ ከመሃሉ የታጠፈ ወረቀት ወደቀና ቀና ብላ አየችኝ። «ለሰውየው ጻፍክላቸው?» አለችኝ። አልጻፍኩም ነበር።

ሰውየው አስመራ፣ አልቤርጎ ኢታሊያ የሚባለው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያገኘናቸው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው ናቸው። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን አልጽፍም። በዚያ ዓመት እዚያ ያደረ ሰው ግን ማንን እንደምል ያውቃል።

እናቴ አስመራ ነው የተወለደችው። አባቷ ፖስታ ቤት ይሠሩ ነበርና ገዛ ባንዳ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በ1967 ተኩሱ ከተማው ውስጥ ሲበረታ በሃያ ዓመቷ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ሐምሌ 11 ቀን 2010 የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ እንደገና ሲጀመር ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነው ያየችው፤ ተቀመጪ ብንላትም አልሰማችንም። መጋቢት 2011 ላይ ይዣት ሄድኩ።

አጀማመራችን አላማረም። በስልክ የያዝኩት ፔንሲዮን ስንደርስ «ስማችሁ የለም» አለን። መሽቷል፣ ብርድ አለ (አስመራ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፣ ሲመሽ ጋቢ ታስመኛለች)፣ የእናቴ ጉልበት ደግሞ መቆም አይወድም። ባለታክሲው አዘነልንና «አንድ አሮጌ ሆቴል አለ፣ ፀጥ ያለ ነው» ብሎ ወሰደን። በሩ ላይ ስንወርድ እናቴ ሕንፃውን ቀና ብላ አየችና «ይሄማ ከረን ሆቴል ነው!» አለች። የድሮ ስሙ ነው። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር በፊቱ ሲያልፉ ታየው ነበር እንጂ ገብታ አታውቅም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1899 የሠራው ነው፤ የምጽዋ ባቡር አስመራ ከመድረሱ 12 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ጋሼ «እንቋዕ ብደሓን መጻእክን» ብለው ተቀበሏት። እሷም በተሰባበረች ትግርኛዋ መለሰች። ወዲያው ዞር ብላ እኔን በአማርኛ ስታናግረኝ ሰሙና «እትዬ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል መሰለኝ፤ ለደረጃው የሚቀርበውን ክፍል ልስጥዎ» አሏት። ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ። ሁለታችንም ደነገጥን። «አምቼ ነኝ» አሉ እየሳቁ። ለማያውቅ ሰው፣ አዲስ አበባ አድገው አስመራ የገቡ ኤርትራውያንን እንዲህ ነው የሚሏቸው፤ ዕቃው ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ ከሚገጣጠመው የአምቼ መኪና የመጣ ቀልድ ነው። «ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። በ1990 መጣሁ።» ከዚያ በላይ አላሉም፣ እኛም አልጠየቅንም። ዓመተ ምሕረቱ ይበቃ ነበር።

ስለ ክፍሉ ብዙ አላወራም። ጣሪያው ሩቅ ነው፣ መስኮቱ ረጅም፣ ዕቃው የድሮ እንጨት። ፀጥታው ግን ሌላ ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የካቴድራሉ ደወል ነበር። ከደወሉ በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ የሚሄድ የአንድ ሰው ጫማ፣ ኮ ኮ ኮ፣ እስኪርቅ ድረስ ይሰማል። የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ቆይቷል።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ቁርስ ሰዓት እናቴ እንቁላሉንም ቅቤውንም ወደ እኔ ስትገፋ ጋሼ ከሩቅ አይተዋል። ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን ሳንጠይቅ ዳቦ በማርማላታ፣ ሻይ ያለ ወተት፣ ማታ ደግሞ በዘይትና በቲማቲም ብቻ የተሠራ ፓስታ መጣላት። አይብ የሚባል ነገር ጠረጴዛው ጋ አልደረሰም። ለእኔ ማኪያቶዬን ሲያመጡ እንኳ ራቅ አድርገው በእኔ በኩል ነው የሚያስቀምጡት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። በሁለተኛው ቀን እናቴ «ኃይለ ሥላሴ ጎዳና በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ ላርማት ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ከደረሰኝ ጥራዝ አንድ ቅጠል ቀድደው ጀርባው ላይ ካርታ ሣሉ። በየመንገዱ ላይ ሁለት ሁለት ስም ጻፉ፤ ከላይ የድሮውን፣ ከሥር ቅንፍ ውስጥ የአሁኑን። «ላይኛው ለእርስዎ ነው፣ ታችኛው ለልጅዎ» አሉ። እናቴ የምታውቀው ዘመን ሲያልፍ እሳቸው አስመራን አያውቋትም፤ የድሮውን ስም የተማሩት ከእንግዶች ነው። «ዘንባባ ያለበት ትልቁ መንገድ በጣሊያን ጊዜ በሙሶሊኒ ስም ነበር፣ በእናንተ ጊዜ በጃንሆይ፣ አሁን ሐርነት ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ በራሱ ዘመን ስም ነው የሚጠይቀኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ሁሉንም ያዝኩት» አሉን።

በዚያች ካርታ ሦስት ቀን ዞርን። ሲኒማ ኢምፔሮን አየን፣ እ.ኤ.አ. የ1937 ሥራ ነው። ፊያት ታሊየሮ ነዳጅ ማደያ ደርሰን፣ ያለ አንድ ምሰሶ በየጎኑ 15 ሜትር የተዘረጉትን የሲሚንቶ ክንፎች እናቴ ከሥራቸው ሆና አየቻቸውና «አሁንም አልወደቁም?» ብላ ወጣች። ገዛ ባንዳ የነበሩበትን ቤት አገኘነው፣ በሩ ተዘግቶ ነበር። አላንኳኳችም። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም። የዚያን ዕለት ስንመለስ ፊቷን አይተው ጋሼ ምንም ሳይሉ ሻይ አዘዙና አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ አስመራ ሳይሆን ስለ ካዛንቺስ ማውራት ጀመሩ። ስሙ የመጣው ለመንግሥት ሠራተኛ ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከሚባል የጣሊያን ተቋም እንደሆነ፣ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ እንደሆነ ከእሳቸው ነው የሰማነው። እኔ አርባ ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ አላውቅም ነበር። ሁለቱ ሲያወሩ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ እሷ የእሳቸውን ከተማ ትናፍቃለች፣ እሳቸው የእሷን።

በወቅቱ ለሚሄድ የምመክረው ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ፣ ካርድ አይሠራም፣ ኢንተርኔት ካጣሁ እሞታለሁ የሚል ቤቱ ይቀመጥ። ሆቴሉ ከፔንሲዮኖቹ ዋጋው ይበልጣል፣ እኔ ግን አልቆጨኝም። እናትና አባቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚያ የተሻለ ማረፊያ አላውቅም። አሁን በረራው ከነሐሴ 2016 መጨረሻ ጀምሮ ቆመ፣ ስለዚህ ጥቆማዬ ለአዲስ አበባ ሰው ብዙም አይረባም። በሌላ አገር በኩል የምትሄዱ፣ በተለይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ አስቡበት።

ስንሰናበት ጋሼ የጠየቁን አንድ ነገር ነበር። ካዛንቺስ ያደጉበትን ቅያስ ነግረውኝ «እዚያ ያለውን ዳቦ ቤት ፎቶ አንሳልኝ፣ ካለ» አሉ። ነበረ። በሚያዝያ ሄጄ አነሳሁት፣ ሰልፉ እስከ አስፋልት ወጥቶ። ፎቶውን አሳጥቤ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ፣ ደረሳቸው ተባልኩ። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ በዚያ በኩል አለፍኩ፤ ቅያሱ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ።

ካርታው ግን እናቴ ጋ ነው፣ እጥፋቱ በፕላስተር ተለጥፎ። ጋሼን የምታገኟቸው ካላችሁ፣ እትዬ ሰላም ብላለች በሏቸው። የዳቦ ቤቱ ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ እኔ ጋ አለ፤ የፊተኛው ከደበዘዘባቸው እልካለሁ።