ሙረን፦ መኪና የማይደርስባት የስኪ መንደር

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሙረን የምትሄዱት ከጠዋት እስከ ማታ ስኪ ላይ ለመዋል ብቻ ከሆነ፣ የከፈላችሁት ገንዘብ ያንገበግባችኋል። እኔና ባለቤቴ ግን ተመልሰን እንሄዳለን። እሷ ስኪ የሚባል ነገር አትነካም። ያም ሆኖ "ሌላ ቦታ አልሄድም" ያለችው እሷ ናት።

መንደሯ ያለችው ስዊዘርላንድ፣ በርነር ኦበርላንድ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ውስጥ ነው። ከፍታዋ 1,638 ሜትር ሲሆን የተቀመጠችው ገደል አፋፍ ላይ ነው። የላውተርብሩነን ሸለቆ ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሥሯ ይታያል። ነዋሪዋ ጥቂት መቶ ሰው ነው። መኪናችሁን ታች ትታችሁ ነው የምትወጡት።

መውጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሸለቆው ውስጥ ካለው ሽቴክልበርግ የሚነሳው ኬብል ካር፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ማጓጓዣ ነው። አዲሱ በ2024 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። የመስመሩ ተዳፋትነት 159.4 በመቶ ይደርሳል፤ በዓለም ላይ ከእሱ የባሰ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ኬብል ካር የለም ይላሉ። ከፍታ የሚፈራ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣ። ሁለተኛው ከላውተርብሩነን በኬብል ካር ግሩችአልፕ ወጥቶ፣ ከዚያ ከ1891 ጀምሮ የሚሠራውን ትንሽ ባቡር መያዝ ነው። ጊዜ ካላችሁ ይሄኛውን ያዙ። ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ። አይገር፣ ሞንክና ዩንግፍራው የሚባሉት ተራሮች ከሸለቆው ማዶ ተደርድረው ይታዩዋችኋል።

አሁን ወደ ጸጥታው። ጠዋት የሚሰማው የበረዶ አካፋ ነው። አልፎ አልፎ የሆቴል ሻንጣ የምትጭን ትንሽ ተሽከርካሪ ታልፋለች፣ በቃ። ልጆች መሀል መንገድ ላይ በስሌድ (በረዶ ላይ ተቀምጠው በሚንሸራተቱበት ጋሪ) ይንሸራተታሉ፤ ማንም "ዞር በሉ" አይላቸውም። ትልልቆቹ የስኪ ከተሞች ውስጥ ስኪ የማይችል ሰው ካፌ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ባለቤቴ እዚህ ቀኑ አጠራት። ከ1912 ጀምሮ በሚሠራው የገመድ ባቡር አልመንድሁበል ትወጣለች፣ በተጠረገው የእግር መንገድ ትሄዳለች፣ ከላይ በስሌድ ትወርዳለች። ማታ ስንገናኝ ወሬው ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋ ነው።

ያረፍንበት አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር። ወለሉ ይንቋቋል፤ ጎረቤት ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄድ ትሰማላችሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግን ይሞቃል፣ ንጹሕ ነው፣ ቁርሱ ላይ የሚቀርበው አይብ ደግሞ ሌላ ነው። የቤቱ እመቤት እርጥብ ጓንታችንን ሳንጠይቃቸው ወስደው ምድጃ አጠገብ ያደርቁልን ነበር።

ስኪው? ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ነው። መስመሩ ሁሉ ተደማምሮ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አብዛኛው ቀይ ነው፤ መካከለኛ ችሎታ ላለው ሰው ማለት ነው። ለጀማሪ የሚሆን ሰማያዊ መስመር ጥቂት ስለሆነ ስኪ ለመማር ይህን ቦታ አልመክርም። ለእኔ ምርጡ የሽልትሆርን ተራራ ነው፣ 2,970 ሜትር። ከጫፉ የሚወርደው ጥቁር፣ ማለትም ከባዱ መስመር ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ጫፉ ላይ ቀስ እያለ የሚዞር ምግብ ቤት አለ። ፊልም ስለተቀረጸበት ስኪ የማያውቅ ቱሪስት ሁሉ ይጎርፍበታል፤ ለቡና ብቻ ብትገቡ ይበቃል። ጭጋግ ካለ ግን አትድከሙ። የጫፉን ካሜራ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ውጡ።

ሰፊውን የዩንግፍራው አካባቢ ፓስ (የስኪ ትኬት) ከገዛችሁ ከሸለቆው ማዶ ባሉት ቬንገንና ግሪንደልቫልድም ስኪ መሥራት ይፈቀድላችኋል። ወረቀት ላይ ያጓጓል። ነገር ግን ላውተርብሩነን ወርዶ እንደገና መውጣት ግማሽ ጠዋት ይበላል። የሙረንን ብቻ ግዙ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። መንደሯ ውስጥ ያለ አንድ የኪራይ ሱቅ፣ ስሙን ልተወው፣ የሰጠኝ ቡት (የስኪ ጫማ) ቁርጭምጭሚቴን ላጠው። ልቀይር ስሄድ ልጁ "ይለመዳል" አለኝ። አይለመድም! ቡት ስትከራዩ ቆማችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ሞክሩት፤ ተረከዛችሁ ከተነሳ ወይም አጥንት ከነካ መልሱ። እኔ ወዲያው ሌላ ሱቅ ሄድኩ።

ዋጋው የስዊዝ ዋጋ ነው፣ ያቃጥላል። ፎንዱ (የቀለጠ አይብ) እና ሮሽቲ (የተጠበሰ ድንች) የትም ታገኛላችሁ፣ ይጣፍጣሉም። ወጥ ቤቶቹ ግን በጊዜ ይዘጋሉ፣ ማታ ዳንስ የሚፈልግ ሰውም ይሰለቻል። ማረፊያ ስትይዙ ቁርስና እራት ያለበትን ምረጡ።

በጊዜ ምርጫ ተጠንቀቁ። መንደሯ ትንሽ ብትሆንም በስኪ ታሪክ ስሟ ትልቅ ነው። እንግሊዛዊው አርኖልድ ለን በ1922 የስላሎም ውድድር፣ ማለትም በምልክቶች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበትን፣ ያዘጋጀው እዚህ ነው። የመጀመሪያው የአልፓይን (ቁልቁል የሚወረድበት) ስኪ የዓለም ሻምፒዮና በ1931 የተካሄደውም እዚሁ ነው። ከ1928 ጀምሮ ደግሞ ኢንፌርኖ የሚባል ውድድር አላቸው። በየጃንዋሪው 1,850 ገደማ ሰው ከሽልትሆርን ተነስቶ፣ በረዶው ከፈቀደ እስከ ላውተርብሩነን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ያን ሳምንት ሙዚቃ አለ፣ ቢራ አለ፣ ክፍል ግን የለም። እሱ የሚስባችሁ ከሆነ ብዙ ወራት ቀድማችሁ ያዙ። እንደኛ ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ ውድድሩ አልቆ የፌብሩዋሪ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳይጀምር ባለው ጊዜ ሂዱ።