እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም ለሚቀባ ሰው ቀብድ አትስጡ

ክረምት በገባ ቁጥር በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ የሚዞሩ ቀለም ቀቢዎች አሉ። «የሻጋታ መድኃኒት ይዘናል፣ በ1 ቀን ጨርሰን እናስረክባለን፣ የ10 ዓመት ዋስትና አለው» ይላሉ። ዋጋቸው ብዙም አያስደነግጥም። ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው።

ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ከላይዋ ካለው ቤት ሻወር ውሃ እየሰረገ የመኝታ ቤቷን ግድግዳ አበላሸው። ሰዎቹ መጡ፣ የተላጠውን ፋቅ ፋቅ አደረጉ፣ ስቱኮ ለቀለቁ፣ በላዩ «ፀረ ሻጋታ» ያሉትን ቀለም ቀቡ። ማታውኑ ክፍሉ አዲስ መሰለ፣ ሒሳቡም ተከፈለ። ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ አረፋ አረፋ እያለ ተነሳ። አንዱን በጣቴ ጫን ሳደርገው ፈነዳና ቡናማ ውሃ ወረደ። ቁምሳጥኑን ስንስበው ደግሞ የጀርባው ቺፑድ አብጧል፣ ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ለብሷል። ስልካቸው አይነሳም። «ዋስትና» የተባለው ወረቀት ላይ ማህተም ቀርቶ የአባት ስም እንኳ የለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሻጋታን የሚያኖረው እርጥበት ነው። ቀለም ደግሞ ውሃ አያደርቅም፣ እንዲያውም መውጫውን ይዘጋበታል። ብሎኬትና ልስን ውሃ ይመጥጣሉ፤ ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ለሳምንታት ርሶ ሊቆይ ይችላል። ፀረ ሻጋታ ቀለም የሚባል ነገር የለም አላልኩም። አለ፣ ግን የሚሠራው በፀዳና በደረቀ ግድግዳ ላይ ነው። በረኪና ረጭተው «ገደልነው» የሚሉትንም አትመኑ። ላዩን ያነጣዋል እንጂ ልስኑ ውስጥ የገባውን አያገኘውም። የሞተ ሻጋታም ቢሆን አስም ወይም አለርጂ ያለበትን ሰው ያስቸግራል፤ ተጠርጎ መውጣት አለበት። በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መደባለቅማ ጭራሽ አይሞከርም፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ገንዘባችሁን መጀመሪያ ውሃው የሚያፈስበትን ቦታ ማስጠገን ላይ አውሉት። የላይኛው ቤት ሮቶ ሞልቶ ቧንቧው ሁሉ ሲዘጋ ቆጣሪው አሁንም ከዞረ፣ የሚያፈሰው የንጹህ ውሃ መስመሩ ነው። ቆጣሪው ቆሞ ሻወር በተወሰደ ቁጥር ግድግዳችሁ የሚርስ ከሆነ ግን የፍሳሽ ቱቦውን ወይም የሴራሚኩን መገጣጠሚያ ጠርጥሩ። ይህ ማለት የላይኛውን በር ማንኳኳት ነው። አብዛኛው ሰው ከጎረቤት ጋር መነታረክ ስለማይፈልግ ቀለሙን ይመርጣል። ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ «ማንንም ማናገር አያስፈልግዎትም» የሚሉት ወደው አይደለም።

ውሃው ገና ዛሬ ፈስሶ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። ፍራሽና ምንጣፉን አውጡ፣ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አርቁ፣ ዝናብ ባቆመ ቁጥር መስኮት ክፈቱ፣ ቬንትሌተር ካላችሁ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ያበጠውን ስቱኮ ሳትሳሱ ፋቁት።

ደርቋል አልደረቀም ለሚለው መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና በማግስቱ እዩት። ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ካላበው ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ቀለም አይታሰብም። በክፍሉ በኩል ካላበው ችግሩ የታፈነ አየር ነው።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የዝውውሩን መልእክትና የግድግዳውን ፎቶ አታጥፉ፣ ክርክር ከመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ገና ልትዋዋሉ ከሆነ ደግሞ ቀለም ቀቢውን ያላበውን ላስቲክ አሳዩት። «ችግር የለም፣ ቀለሙ ይይዘዋል» ካለ በሩን አሳዩት።