ከለንደን ፓሪስ፦ በአውሮፕላን ወይስ በባቡር?

ለንደንና ፓሪስ በቀጥታ መስመር ቢለኩ ርቀታቸው ከ340 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። የአውሮፕላን ትኬቱ 1 ሰዓት ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ ይላል። አየር ላይ የምትቆዩት ግን ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ የቀረው መሬት ላይ ተራ መጠበቅ ነው። ባቡሩ፣ ማለትም ዩሮስታር፣ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይህን ብቻ ያየ ሰው አውሮፕላን ይቆርጣል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነው።

እስቲ ከቤት ጀምረን እንቁጠር። ከመሃል ለንደን፣ ከኪንግስ ክሮስ፣ ሂትሮው ኤርፖርት በምድር ባቡር አንድ ሰዓት ያህል። ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ። በረራው ራሱ። ከዚያ የፓስፖርት ሰልፍና ሻንጣ። የፓሪሱ ኤርፖርት ሻርል ደ ጎል ከከተማው መሃል 25 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ እንደገና ሌላ ባቡር። ደምሩት፤ አምስት ሰዓት አለፈ። ርካሽ ትኬት አግኝታችሁ መነሻው ሉተን ኤርፖርት ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ከመሃል ለንደን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ዩሮስታር የሚነሳው ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ፣ ከከተማው መሃል ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ቀድሞ መገኘት ይበቃል። የፈረንሳይ ፖሊስ ፓስፖርታችሁን እዚያው ለንደን ላይ ስለሚያይ፣ ፓሪስ «ጋር ዱ ኖር» ጣቢያ ስትወርዱ ዝም ብላችሁ መውጣት ነው። ባቡሩ ሜዳ ላይ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። በ1994 የተከፈተው የባሕር ስር ዋሻ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ 20 ደቂቃ ገደማ መስኮቱ ይጨልምና የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ለእኛ ሰው ዋናው ጉዳይ ሻንጣ ነው። በባቡር ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ የእጅ ቦርሳ ይፈቀዳል፤ ሚዛን ላይ አውጡት የሚል የለም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ሽቶም ችግር የለውም። በርበሬና ሽሮ ለዘመድ መያዝ ይቻላል። ቅቤና ቋንጣ ግን ተዉት። ከእንግሊዝ የወተትና የሥጋ ውጤት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፤ አክስቴ እስካሁን አላመነችኝም።

አውሮፕላኑ የሚሻለው መቼ ነው? ሂትሮው አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም ፓሪስ ላይ ወደ ሌላ አገር በረራ የምትቀይሩ ከሆነ። የባቡር ትኬት በመጨረሻው ሳምንት እሳት ስለሚሆን፣ ድንገት ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲመጣም አውሮፕላን ሊረክስ ይችላል። የሻንጣውንና የኤርፖርቱን መንገድ ሒሳብ ጨምራችሁ አወዳድሩ እንጂ!

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ከተሞች ይበራል። በለንደን ገብቶ፣ በባቡር ተሻግሮ፣ በፓሪስ መመለስ ይቻላል። ቪዛው ግን ለየብቻ ነው፤ ፈረንሳይ የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ለንደን አያስገባም፣ የእንግሊዙም ፓሪስ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፓሪስ ከለንደን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጠዋት 3 ሰዓት የተነሳ ባቡር የሚገባው በፓሪስ ሰዓት ከቀኑ 6፡20 ላይ ነው። የሚቀበላችሁን ሰው በዚያ ሰዓት ቅጠሩት።