ከወሎ ሪፈር የተጻፈለት ቁስለኛ፦ በመኪና አምቡላንስ ወይስ በሄሊኮፕተር?

የሁለቱን ፍጥነት ማወዳደር ያሳስታል። መቆጠር ያለበት ስልክ ከተደወለበት ደቂቃ አንስቶ ቁስለኛው ቀዶ ሐኪም ፊት እስኪቀርብ ያለው ጊዜ ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምቡላንስም ቢሆን 8 ሰዓት ይወስድበታል። በአየር ቀጥታው 250 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በሰዓት 220 የሚበር ሄሊኮፕተር በ70 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ነገር ግን መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። ለፈቃድና ለነዳጅ 60 ደቂቃ (ሁሉም ነገር ከተሳካ)፣ ለመምጣት 70፣ ለመጫን 30፣ ለመመለስ 70፣ ካረፈበት ሆስፒታል ለመድረስ 30 ብንል 4 ሰዓት ከ20 ይሆናል። የመኪናው ግማሽ ነው፤ ጭንቅላቱ ለተጎዳና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ ልዩነት ነው።

ወልዲያ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። ወልዲያና ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት። ሄሊኮፕተሩ ወልዲያ ሲያርፍ መኪናው ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ደሴ ሊገባ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሐይቅና ኮምቦልቻማ ክርክርም አያስፈልጋቸው። ሆዱ ውስጥ የሚደማን ሰው ሜዳ ላይ አስተኝቶ ሰማይ ሰማይ ማየት ጥፋት ነው፤ ቅርብ ወዳለው ቀዶ ሐኪም በመኪና ይሂድ፣ በረራው ደሙ ከቆመ በኋላ ይታሰብ።

ሄሊኮፕተሩ በቀን ብርሃን ብቻ የሚበር ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የመጣ ጥሪ ማደሩ አይቀርም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የደሴውን ተራራ ጦሳን ጉም ከሸፈነው አብራሪው አይነሳም፤ ቢነሳም ከመንገድ ሊመለስ ይችላል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለው የጣርማበር ተራራ ጉም መኪናውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። ደሴ ራሷ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሄሊኮፕተሩ ወደ 3500 ሲወጣ ሰውነት ውስጥ የታሰረ አየር ከአስር በመቶ በላይ ይሰፋል። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ በሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት ሰው ቼስት ቲዩብ (አየሩን ከደረቱ የሚያወጣ ቱቦ) ሳይገባለት ከተሳፈረ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ጩኸት መሃል፣ ቱቦ ማስገባት ቀርቶ በሐኪም ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) ሳንባ መስማትም አይቻልም። ስለዚህ ቱቦው ደሴ ላይ ይግባ።

መኪናውን የሚያሳጣው አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን ነው። ሲሊንደሩ «አለ» ሲባል አትመኑ፤ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አንብቡ። የሲሊንደሩን ሊትር ጌጁ በሚያሳየው ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማባዛት ነው። ባለ 10 ሊትሩ 150 ባር ላይ 1500 ሊትር ይይዛል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሰው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ለ8 ሰዓት 4800 ሊትር ስለሚያስፈልግ አራት ሙሉ ሲሊንደር ይጫናል። ጌጁ 50 ላይ ከሆነ 50 ደቂቃ ነው፤ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከኮምቦልቻ ብዙም አያሳልፍም። ሾፌር ብቻ ይዞ የሚመጣ አምቡላንስ ደግሞ ቃሬዛ ያለው ታክሲ ነው፤ ነርስ፣ የአክታ መሳቢያና የአንገት ኮላር ሳያዩ አይነሱ።

ለሄሊኮፕተሩ 30 በ30 ሜትር የሆነ፣ የመብራት ሽቦ የሌለበት ለጥ ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። አቧራውን ውኃ አርከፍክፉበት፤ ቆርቆሮ፣ ነጠላና ጋቢ አርቁ፣ ከብቶቹንም። አብራሪው ምልክት ሲሰጥ ብቻ በፊት ለፊት ይቀረባል፤ ተዳፋት ከሆነ ከታች በኩል እንጂ ከላይ አይደለም፣ ክንፉ በላይኛው በኩል የሰው ቁመት ሊደርስ ይችላልና። በጅራቱ በኩል ማንም አይለፍ።

ዋጋ ስትጠይቁ ባዶውን የሚመጣበት በረራ ተቆጥሮ እንደሆነ፣ በአየር ጠባይ ቢመለስ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይሁን። ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ መያዙን ሳያረጋግጥ ግን ሁለቱንም አታስነሱ።