ኦሊምፒያን ሲጎበኙ ከመድፉ በፊት ከሰሉን ያስቡ

አሜሪካ ከባሕር ማዶ አገር መያዝ የጀመረችበትን ዘመን በእጁ ዳስሶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊላደልፊያ፣ ደላዌር ወንዝ ዳር፣ ፔንስ ላንዲንግ ይሂድ። ኢንዲፔንደንስ ሲፖርት ሙዚየም የሚያስተዳድራት ክሩዘር የተባለው ዓይነት የጦር መርከብ ኦሊምፒያ እዚያ ታስራ ትገኛለች። በ1898 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፊሊፒንስ ውስጥ ማኒላ ባሕረ ሰላጤ ላይ የስፔንን መርከቦች ያወደመው፣ በአሜሪካዊው ኮሞዶር (የባሕር ኃይል መኮንን) ጆርጅ ዲዊ የሚታዘዘው የመርከብ ጓድ መሪ መርከብ ነበረች።

ብዙ ጎብኚ በቀጥታ ወደ መድፎቹ ይሮጣል። ትልልቆቹ ባለ 8 ኢንች መድፎች ግን ከነማማቸው በኋላ ተመሳስለው የተሠሩ ናቸው። እውነተኛው ሀብት ታች ያለው ነው፦ ሁለቱ የእንፋሎት ሞተሮች። እያንዳንዱ ሞተር ያንኑ እንፋሎት በከፍተኛ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ግፊት ሲሊንደሮች አሳልፎ ሦስት ጊዜ ያሠራዋል፤ ከአንድ ቶን ከሰል የቻለውን ያህል ጉልበት ለመጭመቅ ነው። ማሽን ክፍሉ በመደበኛው ትኬት የሚታይ መሆኑን ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። ተጨማሪ ቢያስከፍልም ያዋጣል።

የዚያ ዘመን ፖለቲካ ከሰል ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። ከሰሉ ያለቀበት የጦር መርከብ ከተንሳፋፊ ብረት አይለይም። በወቅቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከስፔን ጋር ጦርነት ከመታወጁ ሁለት ወር ገደማ በፊት ለዲዊ በላከው ቴሌግራም ከሰሉን ሞልቶ እንዲጠብቅ አዝዞት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ገለልተኛዋ እንግሊዝ ጓዱን ከሆንግ ኮንግ ወደብ አስወጣችው። ዲዊ ናንሻን የተባለችውን የከሰል ጫኝ መርከብ ቀድሞ ባይገዛ ኖሮ ከአገሩ ወደብ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነዳጅ አልባ ሊቀር ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጓምና ሃዋይ ተያዙ። በ1903 አሜሪካ ጓንታናሞን ከኩባ ስትከራይም ውሉ ቦታውን ለከሰል መሙያና ለባሕር ኃይል ጣቢያ ይላል።

ከላይ፣ የማዘዣው ድልድይ ላይ፣ ዲዊ የቆመበትን ቦታ የነሐስ እግር ቅርጽ ያሳያል። ሜይ 1 ከንጋቱ 11፡40 ገደማ ተኩስ ተከፈተ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተተኮሰ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ባለ 5 ኢንች መድፍ የቀረው 15 ጥይት ብቻ ነው የሚል መልእክት ደረሰውና ጓዱን ወደ ኋላ አወጣ። መልእክቱ ተገልብጦ ነበር፤ 15 የተተኮሰው እንጂ የቀረው አልነበረም። ጭሱም ዒላማውን ስለጋረደ ግቡን የመታው ጥይት ከ3 በመቶ በታች ነበር። በስፔን በኩል የነበሩት አሮጌ መርከቦች ባይሆኑ ኖሮ ድሉ ይህን ያህል ቀላል ይሆን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚያ ማለዳ በኋላ የመጣውን ግን ጎብኚው አንብቦ ይምጣ። የፊሊፒንስ አብዮተኞች መሪ ኤሚሊዮ አጊናልዶ ጁን 12 የፊሊፒንስን ነጻነት ቢያውጅም፣ በዲሴምበር ፓሪስ ላይ አሜሪካና ስፔን ብቻቸውን ተዋውለው አገሩ በ20 ሚሊዮን ዶላር ተላለፈ። በፌብሩዋሪ 1899 በአሜሪካና በፊሊፒንሳውያን መካከል የተጀመረው ጦርነት ከ4,200 በላይ አሜሪካውያንን፣ ከ20,000 በላይ የፊሊፒንስ ተዋጊዎችን ገደለ። በውጊያ፣ በረሃብና በበሽታ ያለቀው ሰላማዊ ሕዝብ እስከ 200,000 ይገመታል። ይህን የማያውቅ ሰው ከመርከቧ የሚወርደው ድሉን ብቻ ይዞ ነው።

ደረጃዎቹ ቀጥ ያሉና ጠባብ ናቸው፤ ጉልበት ለሚያማቸውና ሕፃን ለታቀፉ አይመቹም። ተረከዝ የሌለው፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። በሐምሌና በነሐሴ ብረቱ ስለሚግል ጠዋት መግባት ይሻላል። ውኃው በሚነካት መስመር ላይ የሚታየው ዝገት አያስገርምም፦ ከ1945 ወዲህ ከውኃ ወጥታ ደረቅ መጠገኛ አልገባችም።