ኒዮን ወይስ ካርዲናል? ለድሬና ለሐረር ቤቶች

ኒዮንና ካርዲናል ሁለቱም ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚቀመጡ ትንንሽ ዓሦች ናቸው፤ ሁለቱም ሰማያዊና ቀይ ያበራሉ። ሻጩም አንዳንዴ ይቀላቅላቸዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ሆዳቸውን እዩ። ኒዮን ቴትራ ላይ ቀዩ የሚጀምረው ከወገቡ ነው፤ ከዚያ ወደፊት ያለው ሆዱ ብርማ ነው። ካርዲናል ቴትራ ግን ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጭራው ቀይ ነው። ሌሊት መብራት አብርታችሁ ብታዩዋቸው ሁለቱም ደብዝዘው ታገኟቸዋላችሁ። አትደንግጡ፤ ጠዋት ቀለማቸው ይመለሳል።

ከመልካቸው በላይ ግን የሚወስነው ሙቀት ነው። ኒዮን የላይኛው አማዞን ዓሣ ነው፤ ፔሩ፣ ኮሎምቢያና ብራዚል ውስጥ ይገኛል። የሚመቸው ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ነው። ካርዲናል የሪዮ ኔግሮና የኦሪኖኮ ወንዞች ዓሣ ነው፤ 28 ዲግሪም አይከብደውም። በግንቦትና በሰኔ ከዚራ ወይም ሳቢያን ያለ ቤት ምን ያህል እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ። ውኃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ለድሬ ካርዲናል። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር የምትኖሩ ከሆነ ግን ኒዮን ይሻላችኋል። በኅዳር ሌሊት ለእሱም ትንሽ ማሞቂያ ያስፈልገዋል።

ካርዲናልን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። ገበያ ላይ ያለው ኒዮን አብዛኛው በእርባታ የተራባ ነው። ካርዲናል ግን ከወንዙ ተይዞ የሚመጣም አለ፤ በተለይ ብራዚል ውስጥ ባርሴሎስ ከምትባል ከተማ አካባቢ። ከዱር የተያዘ ሲባል ሰው ይከፋዋል፤ እኔም ስለ ብዙ ዓሣ እንደዚያው ነው የማስበው። እዚህ ግን ነገሩ ይለያል። ሪዮ ኔግሮ ሲሞላ ጫካው ውኃ ይተኛበታል፤ ዓሣውም እዚያ ይራባል። ውኃው ሲሸሽ እጅግ ብዙው በየኩሬው ቀርቶ ያልቃል። በእጅ መረብ የሚያጠምዱት ሰዎች ኑሯቸው ከዚህ ዓሣ ነው፤ ዓሣው ያለ ጫካው ስለማይኖር ጫካው እንዲቆረጥ አይፈልጉም። ፕሮጀክት ፒያባ የሚባለው ሥራም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። ገዢ ሲጠፋ ሰዎቹ ወደ ሌላ ሥራ፣ ጫካውን ወደሚጎዳም ሥራ ይሄዳሉ። እንግዲህ ሻጩን «የእርባታ ነው የወንዝ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ካርዲናል እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወደዳል። ከወንዝ የመጣው ደግሞ ጠንካራ ውኃ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበትን፣ አይወድም። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ሥሩን እዩት፤ ያ የተጋገረ ነጭ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ነው። የእርባታ ኒዮን እንዲህ ያለውን ውኃ በተወሰነ ደረጃ ለምዶታል። ለካርዲናል ግን የቧንቧውን ውኃ ማዕድኑ ከተጣራለት ውኃ ጋር ቀላቅሉለት። የታሸገ ውኃ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ «ቲዲኤስ» (TDS፣ ውኃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን መጠን) የሚለውን አንብቡ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ኒዮን ስትገዙ በሽታውን ፈትሹ። ጀርባው ላይ ነጣ ያለ፣ የሞተ ሥጋ የመሰለ ቦታ ካያችሁ ከዚያ ገንዳ ምንም አትግዙ። መድኃኒት የለውም፤ ወደ ሌሎቹም ይጋባል። ካርዲናል ይህን በሽታ በተሻለ ይቋቋማል።

ከሁለቱም ከ6 በታች አትግዙ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ይጨነቃሉ። ውኃ መቀላቀሉ ካታከታችሁ ደግሞ ሁለቱንም ተዉና ጉፒ የሚባለውን ዓሣ ግዙ፤ ጠንካራ ውኃ ይስማማዋል። ጉፒ ግን ቶሎ ይበዛል። የተረፈውን ለጎረቤት ስጡ እንጂ ወንዝም ሆነ ሐረማያ ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ፤ በብዙ አገር እንዲህ ተለቅቆ የአገሬውን ዓሣ ጎድቷል።